አባዬ ዝጉን ባፍል መረጠ

አባቴ መኪናው ላይ ባፍል ሊያስገጥም መሆኑን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቀኑን የማልረሳው ቅዳሜ ቤታችን ሽማግሌ ሊላክ ስለነበርና እኔም ቀን እየቆጠርኩ ስለነበር ነው። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ያዘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እነዚያ ጎረምሶች መኪናቸው ውስጥ የሚያስጮሁትን ነገር ሊያስገጥም ነው አለችኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን መስከረም ከጠባ ቆይቷል፣ ጉዱ ነው ዘግይቶ የመጣው።

አባቴን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይህን ያህል ላያስደነግጥ ይችላል። አባዬ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ በምናመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከመሪዎቹ አንዱ የሆነ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ልጆች ሳለን ሬዲዮ ስንከፍት "ቀንሱት" ይለን ነበር፤ ከቀነስነው በኋላም "ቀንሱት" ይለን ነበር። ያችን አሮጌ ነጭ መኪናውን ከራሱ በቀር ማንም አያጥባትም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ባፍል ያማረው።

እኔ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ባለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቤታችን ከዊንጌት ወደ ላይ ስለሆነ አባዬ ጠዋት ጠዋት በመኪናው ያደርሰኛል። የዚያን ዕለት መንገድ ላይ "እውነት ነው እንዴ አባዬ?" አልኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ "እ" አለ። የእኛ ሰው አዎ ለማለት አፉን ማድከም አይወድም፤ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል፣ በቃ ተስማማ ማለት ነው። አባዬ ደግሞ በእርጅናው ሌላ መልስ የሌለው እስኪመስል ድረስ ሁሉን ነገር በዚያች ትንፋሽ ነበር የሚጨርሰው። እኛም ዕድሜ አለሳለሰው ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ስለዚያች ትንፋሽ ማውራት የሚገባኝ ተስፋዬን ሁሉ የጣልኩት በእሷ ላይ ስለነበር ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ የሕይወቴን ትልቅ ነገር ነግሬው ነበር። ላገባው የምፈልገው ሰው ኦርቶዶክስ መሆኑን፣ ቤተሰቦቹ ከቁስቋም ማርያም ሥር ከአያት ከቅድመ አያት የኖሩ መሆናቸውን፣ እሱ ወደ እኛ እንደማይመጣ እኔም ወደ እነሱ እንደማልሄድ፣ ሁለታችንም በየእምነታችን ሆነን ማዘጋጃ ቤት ልንፈራረም ማሰባችንን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ንግግሩን ሳምንት ሙሉ አጥንቼው ነበር። ስናገር እጄ ቦርሳዬ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄም ቀጥኖ ቀጥኖ ሊበጠስ ደርሷል። አባዬ ዞር ብሎ አንዴ ፊቴን፣ አንዴ እጄን አየና ወደ መንገዱ ተመለሰ። ከዚያ ትንፋሹን ሳበ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው። ጳውሎስ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው "ጌታ ይባርክሽ" ብሎ አወረደኝ።

አስፋልቱ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የጎረቤታችን ልጅ ልክ እንደ እኔ ያለ ሰው ወድዳ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ሲነሳ፣ ከሁሉም የከረረው የእኔ አባት ነበር። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም፤ እናቷም አባቴን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ለጎረቤት ልጅ የነፈገውን ለእኔ በሁለት ትንፋሽ ሰጠኝ ብዬ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ለእናቴ ስነግራት ያለችበት ቁጭ አለች። እርግጠኛ መሆኔን ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝና በመጨረሻ ፈረደች፤ እሺ ያለ ሰው ፊት ነገር አይደገምም፣ ከተደገመበት ይነቃል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ሁለታችንም ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላልንም። እጮኛዬ አንድ ጊዜ በር ላይ መጥቶ ሰላም ብሎታል፤ ክረምት ስለነበር አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ነበር፣ ማተቡ አልታየም። አባዬ በኋላ "ጨዋ ልጅ ነው፣ አነጋገሩ ጥርት ያለ ነው" አለ። ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚመጣ ደግሞ አጎቴ ነገረው፤ እሱም አዲስ ክራቫት ገዛ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ ስለሌለኝ እናቴ አብሬው እንድሄድ አዘዘችኝ። ሊያታልሉት ይችላሉ ብላ ነው፤ እኔ ስለ ባፍል ከእሱ የተሻለ የማውቅ ይመስል። ባፍል የሚሠራው ሰውዬ ሱቁ ከዊንጌት አስፋልት ገባ ብሎ፣ በአሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ቆርቆሮ ተዘርግቷል፣ ከሥሩ የእንጨት ሰጋቱራ መሬቱን ሸፍኖታል፣ ኮላ ይሸታል። ሰውዬው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አባቴን አልፎ እኔን፣ መኪናው የእኔ እንደሆነ ጠየቀኝ። አባዬ ቀድሞ "የእኔ ነው፣ ባፍሉም ለእኔ ነው" አለ። ሰውዬው አንዴ አባቴን አንዴ እኔን አየ። እኔ ወደ ቆርቆሮው ቀና አልኩ።

ክፋት የለውም፣ ሰውዬው ሥራውን ይወዳል። ሁለት ዓይነት ሳጥን እንዳለ አስረዳ። አንደኛው ፊቱ ላይ ቱቦ የተገጠመለት ቀዳዳ ያለው ነው፤ ጎረምሶቹ የሚወስዱት እሱን ነው፣ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይጮሃል። ሁለተኛው ዙሪያውን ድፍን፣ ዝግ ነው፤ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ጩኸቱ ግን እንደዚያኛው አይደለም። አባዬ አንድ ቃል ሳያመልጠው ይከታተላል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። ከእኔና ከእናቴ ጋር በቀን አሥር ቃል የማይለዋወጥ ሰው ከማያውቀው አናጢ ጋር እንዲህ ሲያወራ ሳይ ገረመኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናሁ።

ሰውዬው መጀመሪያ ባለ ቀዳዳውን ከፈተው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ የሻይ ብርጭቆ እየተንፏቀቀ ጫፍ ደረሰ፣ እኔም ደረቴን ያዝኩ። አባዬ ግን ጎንበስ ብሎ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ።

"ሁሉም አንድ ነው" አለ በመጨረሻ።

ሰውዬው ድምፁን ቀነሰና "ምን አሉ ፋዘር?" አለ።

"ዜማው ይወጣል ይወርዳል፤ ይሄ ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጥለው። ኖታውን አይለይም።"

ሰውዬው ተደነቀ። ቱቦው ለአንድ ቃና የተለካ ስለሆነ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ እንደሚያብጥ፣ ይህንንም ስንት ዓመት ባፍል ያሠሩ ደንበኞቹ እንኳ እንደማያስተውሉት ነገረን። ከዚያ ዝጉን አገናኘ። በዝጉ ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ሶፋ ሞላ ስፒከሩን እየገፋ ቶሎ ቦታው ይመልሰዋል፤ ድምፁ ሳይጎተት ይቆማል አለ። አባዬ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። በወጣትነቱ ይዘምርበት የነበረው ኳየር የድሮ ካሴት ነው፣ አንድ ሰው ገልብጦለታል። ሶፕራኖዎቹ ጀመሩ፣ ቴነሮቹ ተከተሉ፣ ከዚያ ቤዞቹ ገቡ፤ አባቴም አብሯቸው ገባ።

አባዬ መዘመር ያቆመው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ "ለወጣቶቹ ቦታ ልልቀቅ" ብሎ። አሁን ሰጋቱራው ላይ ቆሞ፣ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አድርጎ፣ ቤዙን ከሥር ከሥር ተሸክሞ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ አይስትም። አጠገባችን ጎማ ሲያስነፋ የነበረ ሹፌር ዞሮ ቀረ። ሲያልቅ የአባዬ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

"ይሄ ነው" አለ።

ሰውዬው እንዳይቆጨው ብሎ አስጠነቀቀው፤ ይህን ወስደው ጩኸት የለውም ብለው እንዳይመልሱብኝ አለው።

"ጩኸት አይደለም የፈለግኩት" አለ አባዬ። "እያንዳንዷን ኖታ ለይቼ መስማት ነው።"

ከዚያ በኋላ መምህርነቱ መጣበት። ደብተር አውጥቶ ቁመት በወርድ በጥልቀት ማባዛት ጀመረ። ሰውዬው ሳጥኑን በውጭ ልኩ ሲያሰላ ያዘውና የጣውላው ውፍረት መቀነስ እንዳለበት፣ ስፒከሩ ራሱ በጀርባው የሚይዘው ቦታም መውጣት እንዳለበት አስረዳው። ሰውዬው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ደገመ፣ አባቴ ልክ ሆነ። ሥራ ቢፈልጉ ይምጡ ብሎት ተሳሳቁ። ሐሙስ ሊገጥምልን ተቀጣጠርን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ "ግን ለምንድን ነው አባዬ?" አልኩት።

ትንፋሹን ሳበ፤ "እ" አለ።

ለምን ለሚል ጥያቄ አዎ ብሎ የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀለደብኝ ብዬ ሳቅሁ። ያን ሳቄን ሳስታውሰው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ ስንደርስ ሳጥኑ በጥቁር ሞኬት ተለብጦ፣ ጥግ ጥጉ ተስተካክሎ ተጠናቋል። ሰውዬው ከኋላ ወንበሩ ጀርባ አሰረው፣ ሽቦውን ጎተተ፣ አምፕሊፋየሩን ወንበር ሥር ደበቀው። ከዚያ አባዬን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠና ሰብዉፈሩ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር፣ የት ላይ ሥራውን ለበር ስፒከሮቹ እንደሚያስረክብ ማስተካከል እንዳለበት ነገረው። ከስልኩ አንድ ድምፅ ከፈተ። ከታች፣ ከወፍራሙ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት ይሆናል። ድምፁ ሲጠፋ እጁን እንዲያነሳ ነገረው። እኔ በተከፈተው በር በኩል ቆሜያለሁ።

ድምፁ ከሥር ተነሳ፣ ወጣ፣ ቀጠነ። አባዬ እጁን አነሳ።

ድምፁ ግን አልጠፋም። ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ሰውዬው አቆመው፣ ግራ ተጋብቶ የበሮቹን ስፒከሮች በጣቱ ነካካ፣ አንዱ ሽቦ የላላ መስሎት ፈትቶ አሰረና እንደገና ከፈተ። አባዬ እዚያው ቦታ ላይ እጁን አነሳ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግመው ፉጨቱ እኔን ጥርሴን አስነከሰኝ፣ ማዶ ያለ ውሻ መጮህ ጀመረ። አባዬ ግን መልሱን እንዳወቀ ተማሪ እጁን ሰቅሎ፣ በመስታወቱ ወደ ፊት እያየ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

ሰውዬው ድምፁን አጠፋና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ ስፒከሩ ደህና ነው" አለኝ። "እ... ማለቴ፣ ጆሯቸውን ሐኪም ቢያያቸው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ እኛ ቤት ግን ቃል በቃል ሆነ። ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል፤ ቀጭኑ ይቀርበታል። ለዚህ ነው ሰውዬውን የሚሰማው፣ አጎቴን የሚሰማው፣ ድምፀ ጎርናናውን እጮኛዬን "አነጋገሩ ጥርት ያለ ነው" ያለው። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ናቀኝ፣ አሮጊት ሆንኩበት እያለች ስታለቅስ፣ አባዬ አይሰማትም ነበር። እኔስ? እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ትልልቅ ሰዎች በፋርማሲው መስኮት በኩል "እ" ሲሉኝ አምኜ ለቅቄ አላውቅም። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ከነገርኳቸው በኋላ "ምን አልኩዎት?" ብዬ አስደግማቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው አልሰማሁም ማለት ያፍራል፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄድና ጠዋት አንድ የተባለውን ሦስት ይውጣል። ይህን ለማንም ባዳ የማደርገውን ለአባቴ አንድ ቀን አላደረግኩም።

ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣብኝ። ያ የዛሬ ሦስት ወሩ "እ" ምን ነበር? ሁለቱ ትንፋሾች? ነገ ዓርብ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሽማግሌ ይመጣል፣ አባቴ ግን ልጁን ለማን እንደሚድር አያውቅም።

አባዬ መንዳት እንደጀመረ ኳየሩን ከፈተ። ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በጣቱ መሪው ላይ ቤዙን ይቆጥራል። ከዊንጌት ከፍ ስንል ጠርዝ ይዞ እንዲያቆም በእጄ አሳየሁትና ሙዚቃውንም ሞተሩንም አጠፋሁ። ለማይሰማ ሰው መጮህ እንደማይጠቅም ሥራዬ አስተምሮኛል፤ ድምፅን ማወፈር፣ ቀስ ማለት፣ ፊት ለፊት መሆን ነው። ዞሬ ፊቱን ያዝኩ።

"አባዬ፣ መስማት ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?"

ቶሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መልሼ አዞርኩት። ከሁለት ዓመት በላይ እንደሆነው ነገረኝ። ኳየሩን የተወው የሶፕራኖዎቹ ቀጭን ድምፅ ስለጠፋበት ነው፤ መግቢያውን ከእነሱ አፍ ጠብቆ ነበር የሚይዘው። ስብሰባ ላይ ድገሙልኝ ማለት አፈረ፤ የማይሰማ መሪ ምን ይሠራል ብለው ያስነሱኛል ብሎ ፈራ። ታዲያ አንድ ቀን ቤት ተቀምጦ ሳለ በራችን ላይ የአንድ የሰፈራችን ጎረምሳ መኪና ስታልፍ ቤዟን ሰማ። በዓመት ውስጥ ጥርት አድርጎ የሰማው የመጀመሪያው ሙዚቃ እሱ ነበር። እኛ ልጁን ሊቆጣ የመሰለን፣ ማታ ማታ በሩ ላይ የሚቆመው እሷን ሊሰማ ነበር።

ይህን ሲነግረኝ አለቀስኩ፤ ግን ማልቀሱም ጊዜ አልሰጠኝም። እንባዬን ጠርጌ የዛሬ ሦስት ወሩን ንግግሬን እንደገና ጀመርኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ኦርቶዶክሱን፣ ቁስቋምን፣ እሱም እኔም እንደማንቀይር፣ ማዘጋጃ ቤቱን። ስጨርስ እንደ ሥራ ቦታዬ "ምን አልኩህ?" አልኩት።

አባዬ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ደገመው።

"የምታገቢው ልጅ ኦርቶዶክስ ነው አልሽኝ። እምነቱን አይቀይርም አልሽኝ። አንቺም አትቀይሪም አልሽኝ።"

"በዛን ጊዜ ስነግርህ እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"ያልሽውን አልሰማሁም።"

"ታዲያ ለምን እሺ አልከኝ?"

"እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለ። "ምንም ይሁን ምን፣ እንደዚያ እየተንቀጠቀጥሽ የጠየቅሽኝን እምቢ ልልሽ አልቻልኩም።"

"አሁንስ አባዬ?"

ሞተሩን አስነሳ። ኳየሩን መልሶ አልከፈተውም።

ለእናቴ ያን ማታ ስለ ጆሮው አልነገርኳትም፤ ለማንም እንዳልናገር መኪናውን ሲያቆም ለምኖኛል። የነገርኳት አባዬ የልጁን እምነት ገና ዛሬ መስማቱን ብቻ ነው። ራሷን ይዛ፣ ሽማግሌዎቹ ይቅሩ ይሆን ወይ አለችኝ። ተነስተው ለሚመጡ ሰዎች ምን ብለን ቅሩ እንላለን? ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ በጊዜ መጣሁ። መንገዳችን መታጠፊያ ላይ ስደርስ ባየሁት ነገር ቆሜ ቀረሁ። አባዬ የዚያች የጎረቤታችን በር ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት መንገድ የቀየረችበት ሴት ከበሯ ወጥታ የሆነ ነገር ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አፏ ድረስ አስጠግቷል። ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ አራት ሆነው መጡ። ከመካከላቸው አንዱ የልጁ ቤተሰብ የንስሐ አባት ናቸው፤ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው ሲገቡ እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እጮኛዬ ይህን አልነገረኝም ነበር፤ እኔም በጓዳው በር መጋረጃ ኋላ ቆሜ አያለሁ። እኛ ቤት ውስጥ ቄስ ገብቶ አያውቅም። አጎቴ አባቴን፣ አባቴ መስቀሉን ያያሉ። አባዬ አዲሱን ክራቫቱን አስሯል።

ሽማግሌ ሲለምን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ወጉ ነው። በዕድሜ ትልቁ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ በሚመስል ቀጭን ድምፅ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጀመሩ፤ የእምነቱንም ነገር አነሱ፣ ሁሉንም በትሕትና ተናግረው ጨረሱ። ሁላችንም የአባዬን ትንፋሽ ጠበቅን። እኔ እንዲያውም ትንፋሹን እንዲስብና እንዲያልቅልኝ ተመኘሁ፤ ሰማም አልሰማም።

"አልሰማሁም" አለ አባዬ።

ሽማግሌው ቀና አሉ።

"ጆሮዬ ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ከፍ አድርጋችሁ ድገሙልኝ፤ ዛሬ ያልሰማሁትን እሺ አልልም።"

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ንቀት የቆጠረችው ነገር ምን እንደነበር በዚያች ደቂቃ፣ በእንግዳ ፊት ነው የገባት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሴት እዚያ አትቀመጥም ነበር።

ትልቁ ሰውዬ ድምፃቸው አልወጣ ሲላቸው ቄሱ ተቀበሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቅዳሴ የቀደሱበት ድምፅ ነው፣ ወፍራምና ረጋ ያለ፤ ሳሎናችንን ሞላው። ልጁ የእሳቸው የንስሐ ልጅ መሆኑን፣ እኔን እምነትሽን ልቀቂ ለማለት እንዳልመጡ፣ የእነሱም ልጅ እንደማይለቅ፣ ይህ ለእሳቸውም እንደከበዳቸው፣ ነገር ግን ልጆቹ ተፋቅረው ሳሉ በሕግ ሳይተሳሰሩ ከሚቀሩ መጥቶ መለመን እንደሚሻል ተናገሩ። አባዬ ባፍል ሱቁ ላይ እንዳየሁት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማቸው። ሲጨርሱ ገለጠና ደገመላቸው።

"ልጃችሁ ኦርቶዶክስ ነው። አይቀይርም። ልጄንም አታስቀይሯትም። እንደዚህ ነው ያላችሁኝ?"

"እንደዚሁ ነው" አሉ ቄሱ።

አጎቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ነገ እሑድ እንደሆነ፣ አባቴ እዚያ የመሪዎች ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚጠብቀው፣ ያን ወንበሩን ሊያጣ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ከሁላችን በላይ ያውቃል።

"እሺ" አለ አባዬ።

ትንፋሹን አልሳበም። በድምፁ ነው ያለው፣ በዚያ ኳየር ውስጥ ሌላውን ሁሉ ከሥር ይሸከም በነበረው ድምፁ፤ ሳሎን ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንገቱን አዙሮ በመጋረጃው ክፍተት ፈለገኝና አየኝ።

"ምን አልኩ?" አለኝ።

ልደግምለት አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣልኝም። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ እሱም አየኝና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።